የ8ኛ ክፍል ጉርድ ፎቶ፦ ለህትመቱ 4 ኮከብ፣ ለኤዲቱ 1

የፎቶ ቤቱን ስም አልጽፍም። ባለቤቱ ክፉ ልጅ አይደለም። የማማርርበት ነገርም የሱ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ሐዋሳ እኔ የገባሁባቸው ፎቶ ቤቶች ሁሉ ያደርጉታል። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ያለች አንድ ክፍል ናት። በሯ ላይ የሙሽሮች ፎቶ ተደርድሯል። ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ፣ ጃንጥላ የለበሱ ሁለት መብራቶች። በቃ ይኸው ነው።

የሄድነው ለጉርድ ፎቶ ነው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ 8ኛ ክፍል ናት፣ ለክልላዊ ፈተና ምዝገባ 4 ጉርድ አምጡ ተብለዋል። የወንድሜ ልጅም 8ኛ ነው፣ የሚማረው ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ እሱንም አስከትዬ ሄድኩ። እኔ ራሴ 7ኛና 8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለዚህ በዚህ ሰሞን የጉርድ ፎቶ ጣጣ ከቤትም ከሥራም ይመጣብኛል።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ላውራ። ፈጣን ነው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ገብተን፣ ወረፋም እያለ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ፎቶው እጃችን ላይ ነበር። መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ ጀነሬተሩን አስነስቶ ቀጠለ፣ ጆሯችን ደነቆረ እንጂ ሥራው አልቆመም። 4 ጉርድ 150 ብር። ወረቀቱ ወፈር ያለ ነው፣ ቀለሙ በላብ እጅ ሲነካ አይለቅም፣ አቆራረጡ ቀጥ ያለ ነው። (አምና ሌላ ቦታ ያስነሳሁት ፎቶ አንድ ጎኑ ተንጋዶ፣ ቅጹ ላይ ሲለጠፍ ልጁ የሰከረ ይመስል ነበር።) አነሳሱም ደህና ነው። "ጆሮ ይታይ፣ አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀጥ" ሲል አይጮህም። ልጄን "እህቴ" ነው ያላት፣ "ሚጣዬ" አላላትም። ይህን እኔም ልብ ብያለሁ፣ እሷም ልብ ብላለች። አምና ሚጣዬ ሲሏት ደስ ይላት ነበር፤ ዘንድሮ ሚጣዬ ያላትን እንግዳ ሰላም ሳትለው ወደ ጓዳ ትገባለች።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ኮቱን ነው።

ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ አንድ ጥቁር ኮት አለ። አጠገቡ ቀድመው የታሰሩ፣ በላስቲክ የሚጠለቁ 3 ክራቫቶች። ኮቱን ስንት ሰው እንደለበሰው እግዜር ይወቀው፣ አንገትጌው ያብረቀርቃል። የወንድሜ ልጅ ድምፁ ገና እየጎረነነ ያለ፣ እጁና እግሩ ከሌላው ሰውነቱ ቀድመው የረዘሙ ልጅ ነው። ኮቱን አጠለቀ። እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው፤ ካሜራው የሚያየው ከደረት በላይ ስለሆነ ማንም ግድ አልሰጠውም። ቀዩን ክራቫት መረጠ። ከዚያ መስታወቱ ፊት ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። ወደ ጎን ዞረ። አንድ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ባንክ ቤት የሚሠራ ሰውዬ ሆኖ ነበር። አውልቆ ሲሰቅለው ተመልሶ የኛው ልጅ ሆነ፣ "አክስቴ፣ ራበኝ" አለ።

ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ጉርምስናን "እኔ ማን ነኝ?" የሚለው ጥያቄ የሚያፈጥበት ዘመን ያደርገዋል፤ ልጁ አንዱን ማንነት አንስቶ ይለካል፣ ሳይሆነው ሲቀር መልሶ ይሰቅላል፣ ሌላ ያነሳል። ኮሌጅ እያለን ይህን ለፈተና ሸምድደን አለፍን። የገባኝ ግን ያ ኮት ላይ ነው። ባለ ፎቶ ቤቱ ኮቱን ቢያሳጥበው ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ውጭ ግን እንዳይነካው።

አሁን ወደ ቅሬታው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ መጋረጃ። የሚነሳውን ሰው ከአግዳሚው የሚለየው መጋረጃ ግማሽ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ያያል። ለኔ ምንም አይደለም። ለ13 ዓመት ልጅ ግን መድረክ ላይ እንደመውጣት ነው። ከኛ በፊት የነበረ አንድ ልጅ ግንባሩ ላይ የወጣችውን አንዲት ብጉር በኮፍያ ሸፍኖ ነበር የመጣው። ኮፍያህን አውልቅ ሲባል ዞር ብሎ አግዳሚው ላይ የተቀመጥነውን አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠረን። ዴቪድ ኤልካይንድ የሚባል አሜሪካዊ በ1967 እ.ኤ.አ. ለዚህ ነገር ስም አውጥቶለታል፤ "ምናባዊ ተመልካች" ብንለው ያስኬዳል። ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለራሱ ስለሆነ ሌላውም ሰው ቀኑን ሙሉ ስለሱ የሚያስብ፣ ብጉሩን የሚቆጥር ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ አግዳሚው ላይ የነበርነው ስናስብ የነበረው ስለ ወረፋችን ነው። ቢሆንም፣ ባለ ፎቶ ቤት ወንድሜ፣ መጋረጃውን ሙሉ አድርገው። ሁለት ሜትር ጨርቅ ነው።

ሁለተኛው ነው ትልቁ።

ልጄ የግራ ቅንድቧን ለሁለት የምትከፍል ጠባሳ አላት። በ6 ዓመቷ ሳይክል ስትለማመድ ወድቃ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ልጅ ሁሉ ሳይክል ላይ ነው የሚያድገው፣ ጠባሳ የሌለው ልጅ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው። መልኳ ጠይም ነው፣ እንደ አባቷ፣ ወደ ጥቁሩ ያደላል። ፎቶ አንሺው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ደቂቃ ጠቅ ጠቅ አደረገና ፎቶውን በትንሽ ፖስታ ሰጠን። ምንም አልጠየቀንም። እኛም አላየነውም። ባጃጅ ውስጥ ከፈትነው።

ጠባሳዋ የለም። አገጯ ላይ ያሉት ብጉሮች የሉም። ፊቷ ቀልቷል፣ ያውም በጣም፤ አንገቷ ግን የራሷ ነው፣ አንገቷን ረስቶታል መሰለኝ። በልጄ አንገት ላይ የሌላ ሰው ፊት ተቀምጧል።

"እማ፣ እዪኝ! አምሬያለሁ!" ብላ ፈነደቀች። ምን ልበል? አዎ አምረሻል አልኩ። ትንሽ ቆይታ በሹፌሩ መስታወት ውስጥ ፊቷን አየች። ከዚያ ፎቶውን። ከዚያ መስታወቱን። ዓሣ ልጋብዛችሁ ብዬ አሞራ ገደል ወስጃቸው ነበር፤ የወንድሜ ልጅ ዓሣውን አጥንቱ እስኪቀር ሲያራግፈው እሷ ፖስታውን ከፍታ ትዘጋለች፣ ከፍታ ትዘጋለች። ፖስታው እስካሁን ዓሣ ዓሣ ይላል። ማታ ዕቃ ሳጥብ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

"እማ፣ የሚያቀላ ቅባት አለ አይደል? ፊት ላይ ብቻ የሚቀባ።"

ቧንቧውን ዘጋሁት።

ይህች ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ መልኳ የምታማርረው ፀጉሯን ብቻ ነበር። ቀለም የሚባል ነገር አንስታ አታውቅም። አልዋሽም፣ ፎቶ ቤቱ ብቻውን አላመጣውም። ስልኩ አለ፣ ማስታወቂያው አለ፣ ሕፃን ሲወለድ ገና "ቀይ ናት ወይስ ጥቁር?" ብለው የሚጠይቁ ዘመዶች አሉን። ግን ከነዚህ ሁሉ ማንም የራሷን ፊት ወስዶ፣ አስተካክሎ፣ "እንዲህ ብትሆኚ ኖሮ" ብሎ 4 ኮፒ አትሞ ሰጥቷት አያውቅም። ቻርለስ ኩሊ የሚባለው አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት በ1902 እ.ኤ.አ. ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች መስታወትነት ነው ብሏል፤ እንዴት እንደሚያዩኝና ምን እንደሚፈርዱብኝ እያሰብኩ ነው "እኔ" የምለውን የምሠራው። ፎቶ አንሺው ምንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። አርሞ ብቻ ሰጣት፣ ልክ እኔ ደብተር እንደማርመው። ያረመው ደግሞ ስህተት ያልሆነ ነገር ነው።

ለኔ ለሒሳብ አስተማሪዋ ከሁሉ የሚቀርበኝ ግን የዊልያም ጄምስ ነው። በ1890 እ.ኤ.አ. ሰውዬው ለራስ የሚሰጥን ግምት በክፍልፋይ ጻፈው፤ ከላይ የተሳካልህ፣ ከታች የተመኘኸው። የታችኛው ሲያድግ ውጤቱ ያንሳል። ልጄ ጠዋት የነበራት ፊት ማታም ያው ነው፣ የላይኛው ቁጥር አልተነካም። 150 ብር ከፍዬ የታችኛውን አሳደግኩላት።

በማግስቱ እሑድ የድሮ ደብተሮቼን ሳገላብጥ ሱዛን ሃርተርን አገኘሁ። ይህች ሴት በ1985 እ.ኤ.አ. ልጆች ስለራሳቸው ያላቸውን ግምት የሚለካ መጠይቅ አውጥታለች። "ራስህን ትወዳለህ?" ብሎ በጅምላ ብቻ አይጠይቅም። ለየብቻ ይጠይቃል፤ በትምህርት እንዴት ነህ፣ በጓደኛ፣ በስፖርት፣ በመልክ፣ በጠባይ። ልጅ በአንዱ ጎበዝ ነኝ፣ በሌላው አልረባም ማለት ይችላል። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ልጁ በጥቅሉ ለራሱ ከሚሰጠው ዋጋ ጋር በጣም ተጣብቆ የተገኘው መልክ ነው። ትምህርት አይደለም። የአሜሪካ ልጆች ናቸው እርግጥ፣ የኛዎቹን አንድ ሰሚስተር ቁጭ ብሎ ያስተማረ ሰው ግን ብዙ አይከራከርም። እኛ ስለ ውጤት ስንለፈልፍ እንውላለን፣ ልጆቹ ሚዛኑ ላይ ያስቀመጡት ቅንድብና ብጉር ነው።

ሰኞ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ የተማሪዎቼን ፎቶ የምሰበስበው እኔ ነኝ። 54 ልጆች። ፖስታዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። በየቀኑ የማያቸው ልጆች ናቸው፤ ሦስቱን ግን ከጀርባ ያለውን ስም ሳላነብ አላወቅኳቸውም። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀልተዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ለስልሰዋል፣ ዱቄት እንደተነፋበት። ጉንጩ ላይ ማርያም የሳመችው ምልክት ያለው አንድ ልጅ አለኝ፣ ክፍሉ ሁሉ በሷ ነው የሚያውቀው፤ ጠፍታለች። ፈታኝ ሆኜ በር ላይ ብቆም ይህን ፎቶ ይዞ የመጣውን ልጅ አላስገባውም።

የነዚህን ልጆች ውስጥ ትንሽ አውቀዋለሁ። ኩን እና ማክፓርትላንድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1954 እ.ኤ.አ. "እኔ ማን ነኝ?" ለሚል ጥያቄ 20 መልስ የሚያስጽፍ ፈተና ይዘው መጥተው ነበር። እኔ ወደ 10 ቀንሼ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ 7ኛ ሲገቡ አንድ ጊዜ 8ኛ ላይ አንድ ጊዜ አስጽፋቸዋለሁ። 7ኛ ሲገቡ ወረቀቱ ዕቃ ዕቃ ይላል። ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር ነው። ሁለት ወንድም አለኝ። ሳይክል እችላለሁ። የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። በዓመቱ ያው ልጅ "ዝምተኛ ነኝ"፣ "ቶሎ ይከፋኛል"፣ "ሰው አይረዳኝም" ይላል። ከዕቃና ከአድራሻ ወደ ጠባይ ይሄዳል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። ደግሞ እርስ በርሱ ይጣላል። አንዲት ልጅ በ3ኛው መስመር "በጣም ደፋር ነኝ" ብላ በ5ኛው "ፈሪ ነኝ" ብላለች። ከሥር አብራርታዋለች፤ ቤት በሲዳምኛ ስታወራ ደፋር ናት፣ ክፍል ውስጥ ተነስታ ስትመልስ ፈሪ ናት። ሁለቱንም ጻፈች፣ አንዱንም አልሰረዘችም። ሃርተርም ይህንኑ ነው የምትለው። በ12 እና በ13 ዓመት ልጁ በየቦታው የተለያየ ሰው መሆኑ ብዙም አያስጨንቀውም፤ ወደ 14 እና 15 ሲጠጋ ነው "ታዲያ እውነተኛው እኔ የትኛው ነው?" ብሎ መታመም የሚጀምረው።

ዘንድሮ የ8ኛዎቹን ወረቀት ሳነብ ዓይኔ የያዘው "ግን" የምትለዋን ቃል ነው። "ጥቁር ነኝ ግን ቆንጆ ነሽ ይሉኛል።" "አጭር ነኝ ግን ጎበዝ ነኝ።" ያቺን "ግን" ማን አስተማራቸው? ሰዋስው ላይ እኮ ይከብዳቸዋል።

ዕድሜው ራሱ አይመችም፣ ይህን መርሳት የለብንም። በአሁኑ አደረጃጀት 1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ነው፤ ሰውነታቸው ከላይ ከታች ሲቀያየር ትምህርት ቤቱም አብሮ ይቀየርባቸዋል። ሲመንስና ብላይዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ይህንኑ ተከታትለው በ1987 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ 7ኛ ላይ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ሴት ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ሲወርድ፣ እስከ 8ኛ እዚያው የቆዩት ላይ እንዲያ አልሆነም። ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣ ነው የሚከብደው። እና በዚህ ሁሉ መሃል ፎቶ ሊነሱ ይገባሉ።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። ለጠብ ነበር የሄድኩት፣ እውነቱን ለመናገር። ልጁ ግን ወንበር አቀረበልኝ።

"ቲቸር፣ ካላጠራሁት ይመልሱብኛል እኮ" አለኝ። "ባለፈው ለአንድ ሰውዬ እንዳለ አትሜ ሰጠሁት፣ 'ካሜራህ ያጠቁራል' ብሎ ገንዘቡን ተቀበለኝ።"

ምን ትሉታላችሁ? እውነቱን ነው። እኛው ነን ያስለመድነው። ፊት እንዲያጠራ፣ እንዲያቀላ፣ እንዲያለሰልስ፤ የለመደው እጅ ደግሞ የ30 ዓመት ሙሽራና የ13 ዓመት ተማሪ አይለይም። ቢሆንም መጠየቅ ይችል ነበር። አንዲት ጥያቄ ናት። ኦሪጅናሉን አስቀምጦታል ወይ አልኩት፣ አስቀምጦታል። ሌላ 4 አተመልኝ፣ 50 ብር ተጨማሪ ጠየቀ፣ በዚህ ትንሽ ተጨቃጨቅን፣ ከፈልኩ። ኮከብ የቀነስኩበት አንዱ ይሄ ነው፤ ያላዘዝኩትን ኤዲት ለማስወጣት መክፈል አልነበረብኝም።

ሁለቱን ፎቶዎች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ልጄ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። እኔ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ስለ ጠባሳዋ፣ ስለ አባቷ መልክ፣ ስለ ብዙ ነገር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ኦሪጅናሉን ወደኔ ገፋች፤ "ለትምህርት ቤት ይሄ ይሁን፣ ያኛውን ካየች ሂሩት ሙድ ትይዝብኛለች" አለች። ከዚያ የተቀላውን በስልኬ ፎቶ አንስታ ለራሷ ላከችው፣ ለቴሌግራም ፕሮፋይል። አንዱ ለቅጽ፣ አንዱ ለፕሮፋይል። ምንም አልተጋጨባትም። ያመመኝ እኔን ነው። ስለ ቅባቱ እስካሁን ደግማ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም፣ ግን መታጠቢያ ቤቱን አልፎ አልፎ አያለሁ።

እንግዲህ የምትሄዱ ከሆነ ለፍጥነቱ፣ ለህትመቱና ለኮቱ ሂዱ። ልጃችሁ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ፎቶ አንሺውን "ኤዲት እንዳትነካ" በሉት፣ ይሰማል። ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶውን እዚያው ከፍታችሁ እዩ። ቅዳሜ በጠዋት ካልሆነ ወረፋው አይቻልም።

አንድ ነገር ረስቼ። የወንድሜ ልጅ ፎቶ ተመልሶበታል። የኔ ትምህርት ቤት ኮት ይቀበላል፣ የሱ ግን "በዩኒፎርም ተነሱ" ብሏል፤ ቀዩ ክራቫት ገደል ገባ። ባለፈው ቅዳሜ ብቻውን ሄዶ እንደገና ተነሳ። ሲመለስ ፖስታውን ተቀብዬ ከፈትኩት። ቀለሙ የራሱ ነው። አፍንጫው ላይ ያለችው ብጉር አለች፣ ግንባሩ ላይ የነበሩት ግን የሉም።

"ኤዲት አታድርግ አላልከውም?" አልኩት።

"ጠየቀኝ እኮ አክስቴ" አለ። "ይቆዩ ወይስ ይጥፉ አለኝ። ግማሹን አጥፋልኝ አልኩት።"